ሁሉ አማረሽ በጎማ ተራ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ጋቢውን የተከናነበው መንገደኛ ሻንጣውን ታቅፎ፣ ኩንታሉን አስደግፎ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ መሐል አንድ ሰው ብረት ይዞ አውቶቡሱን ይዞራል። ረዳቱ ነው። እያንዳንዱን ጎማ አንድ ጊዜ መታ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ነጠር ያለ ድምፅ ከሰማ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከመጣ ግን ሾፌሩን ይጠራል። ከኋላ ጥንድ ሆነው ከሚሽከረከሩት ጎማዎች መካከል የውስጠኛው ተንፍሶ እንደሆነ በዐይን በቀላሉ አይለይምና ምስክሩ ጆሮ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ሰው ጎማውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመግባት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። በዚያ ቁልቁለት ላይ የመንገደኛው ሕይወት፣ የነጋዴው ጤፍ፣ የባለንብረቱ ገንዘብ ሁሉ መሬት የሚነኩት በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ባለች ትንሽ ቦታ ነው። ለቤት መኪና የሰው መዳፍ ታህላለች፤ ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ከዚያ ጥቂት ሰፋ ትላለች። ስለ ዓባይ ወንዝ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ድልድዩም እንዲሁ። ስለዚህች መዳፍ ስለምታህል ቦታ ግን የጻፈ እምብዛም አላጋጠመኝም። በዚህ ጽሑፍ የዚህችን ቦታ ታሪክ ለማየት እንሞክራለን።

ሦስቱ ጌቶች

ጎማ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ሦስት ነገር ይመኛል። መንገድ ቆንጥጦ እንዲይዝለት፣ ቶሎ እንዳያልቅበት፣ ዋጋውም እንዲረክስለት። ችግሩ እነዚህ ሦስቱ የማይስማሙ ጌቶች መሆናቸው ነው። ለስላሳ ላስቲክ በመንገዱ ሸካራ ፊት ውስጥ እየሰረገ ስለሚገባ ይይዛል፤ ነገር ግን እንደ ሳሙና እየተፋቀ ያልቃል። ጠንካራው ላስቲክ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ያንሸራትታል። ሁለቱን ለማስታረቅ የበቃ ጎማ ይሠራል፤ እርሱ ደግሞ ሦስተኛውን ጌታ፣ ማለትም ኪስን፣ ያስቀይማል። አበው «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ጎማ ተራን አይተው ባይሆንም፣ ተረቱ እዚያ በልኩ ይሠራል።

ታዲያ ሰው ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነበት የትኛውን ይተዋል? የተወውንስ ዋጋ ማን ይከፍላል? የጎማ ታሪክ በመላው ዓለምም ሆነ በእኛው ጎጃም የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ከጎማ በፊት የነበረው ጎማ

ጎማ ሳይመጣ በፊት ጎጃም በእግር ነበር የሚታለፈው፤ በሰው እግር፣ በበቅሎ ኮቴ፣ በአህያ ኮቴ። በቅሎ በገደል መንገድ ላይ ከፈረስ ይልቅ የተከበረችው በፍጥነቷ ሳይሆን አረጋገጧን ስለምታውቅ ነው። መንገዱ ራሱ የሚፈልገውን እግር ይመርጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ያላሰበ ምን እንደሚገጥመው በ1933 ዓ.ም. ታይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቅና ጥይቱን ከሱዳን በተሰበሰቡ 15,000 ያህል ግመሎች አስጭኖ ነበር። ግመል ለአሸዋ የተፈጠረ እግር አለው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ መሬቱን እንደ ትራስ ተጭኖ የሚይዝ። ያ እግር በበላያ አቀበትና በጎጃም ድንጋይ ላይ ሲወጣ ግን ተላጠ፣ ተሰነጠቀ። የደጋው ብርድና የመኖ እጥረት ተጨመረበትና ከዚያ ሁሉ ግመል የተረፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ድል ነበር፤ መንገዱ ግን በግመል ሬሳ ተመልክቷል። ከሁሉ የተሻለ የሚይዘው እግር ያለቦታው ሲገባ ከሁሉ ፈጥኖ ያለቀው እግር ሆነ። ስለ ጎማ ምርጫ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ሰጪ ያለ አይመስለኝም።

ላስቲክ እንዴት ተገራ

ላስቲክ ሲፈጠር እንደ ዛሬው አልነበረም። በሙቀት ይቀልጣል፣ በብርድ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር አዋህዶ ቢያሞቀው ጸባዩ እንደሚረጋ አገኘ። ስሙ ዛሬ በየጎማው ላይ ይነበባል፤ እርሱ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1860 የሞተው ዕዳ ጥሎ ነው። በአየር የሚነፋውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 ለአገልግሎት ያበቃው ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ደንሎፕ ሲሆን፣ መነሻውም የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ደግሞ የፈረንሳዮቹ ሚሽሊን ወንድማማቾች በፓሪስና በቦርዶ መካከል በተደረገው ውድድር በአየር የተነፋ ጎማ በመኪና ላይ አስረው ገቡ። ጎማው በየመንገዱ እየተነፈሰባቸው ኋላ ቀሩ፤ ዓለም ግን ከዚያ በኋላ የሚከተለው የእነርሱን መንገድ ሆነ።

ጎማ ጥቁር የሆነው ለውበት እንዳይመስለን። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ነጣ ያሉ ነበሩ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ የካርቦን ጥላሸት ቢቀላቀልበት ላስቲኩ በብዙ እጥፍ እንደሚጠነክር ተደረሰበትና ጎማ ሁሉ ጠቆረ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሚሽሊን ራዲያል ጎማን አስመዘገበ፤ ውስጡ በሽቦ የታሰረ፣ መሬቱን በተስተካከለ ፊት የሚረግጥ፣ ዕድሜውም ከቀድሞው የክር ጎማ የሚረዝም ነበር። እያንዳንዱ ግኝት ሦስቱን ጌቶች በጥቂቱ አቀራረበ፤ ፈጽሞ ግን አላስታረቃቸውም።

በዚሁ ዘመን የአውሮፓ ጎማ ርካሽ እንዲሆን ሌላ ሰው ከፍሏል። የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ በያዘበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1908 በዘለቀው ጊዜ፣ የተወሰነለትን የላስቲክ ኮታ ያላመጣ መንደር ይቃጠል፣ እጅም ይቆረጥ ነበር። እንግዲህ ከመነሻው ጀምሮ የጎማ ዋጋ በገዢው ኪስ ብቻ የሚከፈል ሆኖ አያውቅም።

ቃላቱ ቀሩ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ አምጥቶ አበረከተ። ጎጃም ግን የጎማን ፊት በብዛት ያየችው ከ1928 ዓ.ም. በኋላ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ጣልያን ጦሩን የሚያንቀሳቅሰው በጭነት መኪና ነበርና ከሁሉ አስቀድሞ መንገድ መቆፈር ጀመረ። ጎማ ያለው ወራሪ በመንገዱ ላይ ታሰረ፤ ጎማ የሌለው አርበኛ፣ እነ በላይ ዘለቀ፣ ገደሉንና ሸለቆውን ያዙ።

ጣልያን ሄደ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። «ጎማ» ራሱ፣ «ከመነዳሪ»፣ «ቸርኬ»፣ «ክሪክ»፣ «ፍሬን»፣ «ጎሚስታ» ሁሉም ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረች። በተጠገነው መንገድ ላይም አንድ መኪና ነገሠ፤ ፊያት 682 ኤን 3፣ በሾፌሮቻችን አጠራር «ኤንትሬ»። ተሳቢ ጎትቶ፣ የጎጃምን ጤፍ ጭኖ፣ እያቃሰተ ዓባይን ይወጣ ነበር። ከአፍንጫው የሚወጣውን ጩኸት ሰምቶ «ዛሬ ደህና ጭኗል» የሚል ሰው በመንገድ ዳር መንደሮች ሁሉ ነበር።

በረሃው ጎማን እንዴት ይፈትናል

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ዓባይን ያልወረደ ጎማም እንዲሁ በከንቱ ይመሰገናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትርና ከዚያም የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይቆማል፤ በመካከሉ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በግርድፉ ሲሰላ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ቁልቁል መውረድ ነው፤ ያውም ሳያቋርጡ 20 ኪሎ ሜትር። ከላይ ካፖርት ያስለብሳል፤ ከታች ሸሚዝ ያስወልቃል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ጎማን የሚገድለው ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ነው። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የመኪናው ክብደትና ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ከፍሬኑ ከበሮ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ይሻገራል። በቀድሞዎቹ ጎማዎች ከመነዳሪው በቀጥታ ከዚህ እሳት ጋር ይገናኝ ነበር። ከልኩ በላይ የተጫነ ወይም አየሩ የጎደለ ጎማ ደግሞ ሲሽከረከር ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ በራሱ ይግላል። ሁለቱ ሙቀቶች ሲገናኙ ጎማው ይፈነዳል። ነባሮቹ ሾፌሮች «ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ» እያሉ ረዳቶቻቸውን ያስተማሩት ፍሬናቸውን ብቻ ሳይሆን ጎማቸውንም ለማዳን ነበር።

ሌላም የማይታይ ጉዳት አለ። ላስቲክ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል። በውድድር ሜዳ የሚነዱ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ጎማው ገና ብዙ ላስቲክ እያለው «ሞቷል» ብለው ይጥሉታል። የዓባይ መንገደኛ ጎማም በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። እኛ ግን አንጥለውም።

በበጋ የሚዋሽ ጎማ

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ የሚመስል እውነት ላንሣ። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥርስ የሌለው ጎማ ጥርስ ካለው ይበልጥ ይይዛል። ጥርሱ የተቆረጠው ለውሃ ነው፤ ውሃው በመስመሮቹ ሾልኮ እንዲወጣና ላስቲኩ መሬቱን እንዲያገኝ። ውሃ ከሌለ መስመሩ የሚነካውን ቦታ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የፎርሙላ ዋን መኪናዎች በደረቅ ቀን ልሙጥ ጎማ ማሰራቸው ስለዚህ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ተራ ሰዎች የቤት መኪናቸውን ይዘው፣ ከፍለው፣ በውድድር ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዱበት ቀን አለ። አይወዳደሩም፤ ይነዳሉ፣ ማታ በዚያው መኪና ቤታቸው ይገባሉ። የእነዚህ ሰዎች ዋና ጭንቀት ምን መሰላችሁ? ጎማ ነው። በጣም ለስላሳውን ቢመርጡ ልብ እስኪሞላ ይይዝላቸዋል፤ ግን በጥቂት ቀን ያልቃል፣ በዝናብም ያስፈራል። በአሜሪካ ሕግ የቤት መኪና ጎማ ጎን ላይ የዕድሜ ቁጥር ይጻፋል፤ መነሻው 100 ሲሆን፣ 200 የተባለው በመፈተኛው መንገድ የዚያን እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። የተለመደው የቤት መኪና ጎማ ከ300 እስከ 600 ይደርሳል። ለሜዳ ቀን ብዙዎች 200 አካባቢ ላይ ይስማማሉ፤ ሜዳውንም ቤትንም የሚያስታርቅ ሆኖ ስላገኙት። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ሊያሳስት እንደሚችልም ያውቃሉ።

እንግዲህ የእነርሱ ልሙጥ ጎማና የእኛ ልሙጥ ጎማ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በግብር ግን ሰማይና ምድር ናቸው። የእነርሱ ለስላሳና አዲስ ነው፤ ለመያዝ ሲሉ ዕድሜውን አሳልፈው ሰጥተዋል። የእኛ ደርቆና አርጅቶ የተላጠ ነው፤ ለዕድሜው ሲባል መያዙ ተሽጧል። ሆኖም የእኛውም ቢሆን ከጥቅምት እስከ ግንቦት በደረቁ መንገድ ላይ ያለ ኮሽታ ይመላለሳል። ባለንብረቱም «ይኸው ደህና እየሠራ አይደል!» ይላል። ጎማው በበጋ እየዋሸ ነው። እውነቱን የሚናገረው የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ የአስፋልቱን አቧራና ዘይት ወደ ጭቃ ቅባት ሲለውጠው ነው።

ይህን እኔም አንድ ሰኔ ላይ አይቻለሁ። የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከደጀን ቁልቁል ሲወርድ ካፊያ ጣለ። ከአንድ ጠመዝማዛ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ግን አልያዘም። አውቶቡሱ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። እግዜር ሲያተርፍ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ሄዶ ቦዩ ውስጥ ተቀረቀረ። ሰው አልተጎዳም። ስንወርድ አንዲት እናት ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። እኔ የፊት ጎማውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነበር። ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ጠይቄያለሁ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ያችን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጎማውን የመረጠው ሰው አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ የነበርነው ደግሞ አልመረጥንም።

ስንት ጊዜ ይሞታል?

ባለንብረቱን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጎማ ለዚህ አገር ምንጊዜም ውድ ዕቃ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የጎማ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ማታዶር ከተባለ የስሎቫኪያ ኩባንያ ጋር ተጣመረ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም ሆራይዘን አዲስ ጎማ ተባለ። ፋብሪካው ቢኖርም የአገሪቱ ፍላጎት በብዛት የሚሟላው ከውጭ በሚመጣ ጎማ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ደግሞ የምንዛሪ ባሪያ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ይህን የማያውቅ ባለመኪና የለም።

ስለዚህ በእኛ አገር ጎማ አንድ ጊዜ አይሞትም። አዲስ ሳለ ከፊት ይታሰራል፤ ሲሳሳ ወደ ኋላ ይዛወራል፤ ሲላጥ አዲስ ላስቲክ ይለበጥበትና ተሳቢ ሥር ይገባል። የታደሰ ጎማ በራሱ ነውር የለውም፤ በሙያ ከታደሰና በቦታው ከታሰረ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ነውሩ መሪ በሚይዘው የፊት እግር ላይ ማሰር ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ለአውቶቡስ ይህ ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ የቤት መኪናው ጎማ ጋሪ ሥር ገብቶ የፈረስ አገልጋይ ይሆናል። ከመነዳሪው ተሸንሽኖ የአህያ ጭነት ያስራል፣ የልጆች ወንጭፍ ይሆናል። የመጨረሻው ዕድሜው በረባሶ ነው። ስንት ገበሬ፣ ስንት ወታደር፣ ስንት የቀን ሠራተኛ በዚያ ጫማ አገር አቋርጧል! ያው በረባሶ እ.ኤ.አ. በ2004 በተመሠረተው በሶልሬብልስ አማካይነት የውጭ አገር መደብር ድረስ ዘልቋል። በመኪና ሥር መያዝ ያቃተው ላስቲክ በሰው እግር ሥር ሲሆን አሳምሮ ይይዛል። ቁጠባ ማለት ይህ ነው፤ ዕቃን በሚችለው ቦታ ማዋል። ንፍገት ደግሞ በማይችለው ቦታ ማዋል ነው። ሁለቱ የሚለዩት በዋጋ አይደለም።

ምን እንጠይቅ?

ጳጉሜን 2000 ዓ.ም. ላይ በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ተመርቋል። ከኤንትሬ በኋላ «ቀይ ሽብር» የሚል ቅጽል የወጣለት ሲኖትራክ መጥቷል። የዓባይ ቁልቁለት ግን አልተቃናም፤ መሬቱ ራሱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጣምመዋል። ሦስቱ ጌቶችም እንደተኳረፉ አሉ።

ጎማ ለሚገዛ አንባቢ ከታሪኩ የሚተርፈው ትምህርት አጭር ነው። በመጀመሪያ መንገድህን ዕወቅ፤ ለአሸዋ የተፈጠረ እግር ለጎጃም ድንጋይ አልሆነም። ቀጥሎ የጎማውን ልደት አንብብ፤ ከጎኑ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት አኃዝ ይገኛል፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በመጋዘን የከረመ «አዲስ» ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ግን የደረቀ ሊሆን ይችላል። ለውጥ የግድ ከሆነና ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ፣ በጋውን አምነህ ክረምትን አትጠብቅ፤ ከሰኔ በፊት ለውጥ። ብዙ አገሮች 1.6 ሚሊ ሜትርን የጥርስ መጨረሻ ያደርጋሉ፤ ለዓባይ ግን እዚያ ድረስ መጠበቅ ድፍረት ነው። በመጨረሻም ዋጋውን ስታሰላ በብር ብቻ አታስላ፤ በኪሎ ሜትር አካፍለው፣ ከዚያም ማን እንደሚሳፈርበት አስብ።

ተሳፋሪስ? ተሳፋሪ ጎማ አይመርጥም። ዐይን ግን አለው። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ያ ረዳት አሁንም ማለዳ ማለዳ ብረቱን ይዞ ይዞራል። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ የሚነግረው በጎማው ውስጥ አየር መኖሩን ብቻ ነው። ስለ ጥርሱ የሚናገር ድምፅ የለም። እሱን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ከዚያች ሰኔ ወዲህ ሳልሳፈር በፊት ጎንበስ እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ባለፈው ክረምት ግን አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው እሳቸውም ጎንበስ አሉና «ምን ይላል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነው አባቴ» አልኳቸው፤ ተያይዘን ገባን።